ያልተቆለፈች ብስክሌት

ባረንድ ኮልክማን እሁድ እሁድ ለሁለት ሰው ድንች ይልጣል። ሁለተኛው ሰው ግን አይመጣም። የልጁን የፌምኬን ሳህን ከራሱ ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ማንኪያውን አቁሞ ያዳምጣል፣ ኮቴው አልፎ ሲሄድ የሁለቱንም ድርሻ ለብቻው ይበላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በዚያ የረሃብ ብርድ፣ የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ የበላ ሰው ድንች አይጥልም።

አባትና ልጅ የተጣሉት በአንዲት ቃል ነው። ፌምኬና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ባለችው ትንሽ ሐውልት ዙሪያ እየተሰበሰቡ ይዘፍናሉ፣ ያጨሳሉ፣ በመንግሥት ይሳለቃሉ፤ ፖሊስም ዱላውን ይዞ ይበትናቸዋል። አንድ ቅዳሜ ከባረንድ ባልደረቦች አንዱ ፌምኬን በፀጉሯ ጎተታት። ቤት ስትገባ ግንባሯ አብጦ ነበር። ሌላ አባት ቢሆን «የት ላይ ነው ያመመሽ?» ይላል። ባረንድ ግን ዕድሜውን በፖሊስነት የፈጀ ሰው ነውና «እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» አለ። ልጅቱ ወደ ክፍሏ ገባች። ልብሷን በከረጢት ከተተች፣ የሟች እናቷን ብስክሌት ከምድር ቤቱ አወጣች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ባረንድ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጁ ተመልሳ ማዕዱ ላይ እንድትቀመጥለት።

ጦርነቱ ካበቃ ሃያኛ ዓመቱ ነበር፤ አምስተርዳም በመኪና መታነቅ የጀመረችበት ጊዜ። የነፌምኬ ሐሳብ ሲሰሙት ያስቃል። ብስክሌቱ ሁሉ ነጭ ይቀባ፣ ሳይቆለፍ መንገድ ላይ ይቁም፣ የቸገረው ያንሣው፣ የደረሰበት ላይ ይተወው። ባለቤት የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ክፍያ የለው። «ሌባ ቢወስደውስ?» ሲሏቸው «ሌባም እኮ የሚሄድበት አለው» ብለው ይመልሳሉ። ሰውም መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዚያ ዝናብ የመታው ዕለት አንዱን አንሥቶ ይነዳል።

የከተማዋ ሕግ ደግሞ የራሱ ቀልድ ነበረው። ሳይቆለፍ ደጅ የተተወ ብስክሌት ሌባን ለኃጢአት ይጋብዛል፤ ስለዚህ ፖሊስ ያነሣዋል። ሌባ እንዳይወስደው ፖሊስ ይወስደዋል ማለት ነው። የማንም ያልሆነ ነገር እንዴት ይሰረቃል ብሎ የጠየቀ አለቃ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰውማ መች አለቃ ይሆናል!

እናም ባረንድ ከባልደረባው ከዋይናንድ ጋር በጭነት መኪና እየዞረ ነጫጭ ብስክሌት መልቀም ሥራው ሆነ። ዋይናንድ ወፍራም ሳቂታ ነው፤ ምንም ነገር አይከብደውም። አንድ ጠዋት ቦዩ ዳር የድልድዩን ብረት ተደግፈው የቆሙ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ብስክሌቶች አገኙ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። ባረንድ ግን አንዷን በፓራፋንጎዋ ጉብጠት አወቃት። ያጎበጠቻት ሚስቱ አሊዳ ናት፤ በረሃቡ ጊዜ ከሰሜን ገበሬዎች ዘንድ አንሶላዋን በድንች ለውጣ ስትመለስ በረዶ ላይ ወድቃ። አሊዳ የሞተች ዕለት ያልመጣ እንባ እዚያ ድልድይ ላይ መጣበት።

«ምን ገተረህ? ጫን እንጂ!» አለ ዋይናንድ።

«አንዴ ጠብቀኝ።»

ማዶ ካለው የብረታ ብረት ሱቅ ገባ። ሰንሰለትና ጓጉንቸር ይዞ ወጣ፣ የአሊዳን ብስክሌት ከድልድዩ ብረት ጋር አስሮ ቆለፋት።

«ይህቺ ተቆልፋለች» አለ። «ሕጉ የሚለው ያልተቆለፈ ነው።»

ዋይናንድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንዴ ባረንድ! የዋጋውን ወረቀት እንኳ አልላጥክላትም እኮ! ይሁን፣ ይሁን፤ እኔ ምንም አላየሁም።»

የቀሩትን ጫኑ። ባረንድ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ። ሕጉንም ሳይጥስ፣ የሚስቱንም መታሰቢያ ሳያስደፍር፣ ከልጁም ጋር የሚያስታርቀው ዘዴ ያገኘ መስሎታል። ሰው ሲራብ ሕልሙም እንጀራ ነው።

ከሥራ ሲወጣ ፌምኬ ከጓደኞቿ ጋር የምትኖርበት ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ድረስ ሄደ። በሩን የከፈተው ቲሞን ነው፤ ትምህርቱን አቋርጦ ከተማዋን ሊያስተምር የተነሣ ቀጭን ልጅ፣ ነጭ ጃኬት የለበሰ። ባረንድን ከነመለዮው ሲያይ ወደ ውስጥ ጮኸ።

«ፌምኬ! ነይ፣ የመንግሥት ሰው መጥቶልሻል!»

ፌምኬ እጇ ቀለም በቀለም ሆኖ መጣች። ግንባሯ ላይ ያለው እብጠት ጠፍቷል። ባረንድ ይህን አየና ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ረሳው፤ ቁልፏን ብቻ በመዳፉ ዘረጋላት።

«የእናትሽን ብስክሌት አዳንኩልሽ። ድልድዩ ጋ ቆልፌያታለሁ። አሁን ማንም አይነካትም።»

«ማንም አይነካትም?» አለች ፌምኬ። «አባዬ፣ ሰው እንዲነካት እኮ ነው እዚያ ያቆምኳት!»

«ጎሽ!» አለ ቲሞን እያጨበጨበ። «ከተማው ሙሉ ነጭ ብስክሌት የሕዝብ፣ አንዷ ብቻ ጌታ ያላት! የፖሊስ ልጅ ብስክሌት!»

ውስጥ ያሉት ሳቁ። ፌምኬ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«አብረዋት የቆሙት።»

«እነሱማ… ጫንናቸው። ሥራዬ ነው ፌምኬ፣ ምን ላድርግ?»

«አዎ። አንተ ሁልጊዜ የምታድነው አንድ ነው። የራስህን።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጓደኞቿ እንዲሰሙ አልፈለገችም፤ ለባረንድ ግን ያ ከጩኸት የባሰ ነበር። «እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች። አገሩን የያዙት ጀርመኖች ከሰፈራችን ብስክሌት የሚለቅሙበትን ቀን አንተ በፖሊስነትህ ታውቅ ነበር። ለእሷ ነገርካት፣ ወለሉን ፈንቅላችሁ ደበቃችሁ። ጎረቤታችን አክስት ሚንቼ እኮ ከናንተ በታች ባለው ፎቅ ነበረች አባዬ! አንድ ደረጃ መውረድ አቃተህ? ብስክሌቷ ተወሰደባት፣ እህል ፍለጋ የምትወጣበት አጣች፣ ባሏ አልጋው ላይ በረሃብ ሞተ።»

«ብናገር ኖሮ ከአፍ አፍ ይደርሳቸው ነበር። ግንብ ሥር አቁመው ነበር የሚረሽኑኝ።»

«ይሆናል» አለች ፌምኬ። ቁልፏን እንደ ሞተች አይጥ በሁለት ጣቷ አነሣቻት። «ሄጄ እከፍታታለሁ። አሁን ሂድ።»

ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። ባረንድ በዚህ ተረት ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል። ያን ቀን ደረጃውን ሲወርድ ግን ተረቱ አላጽናናውም።

ሚንቼ ዛሬም ከሥሩ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ ናት። ፀጉሯ ነጥቷል፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ምላሷ ግን አላረጀም። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ደጃፏ ላይ በርጩማ ዘርግታ ከጦርነቱ ወዲህ የገዛቻትን ብስክሌት ስትቀባ አገኛት። ከመስኮት የተረፈ ቀለም ነው። ደወሉንም ቀብታዋለች፣ ኮርቻውንም ቀብታዋለች።

«ሚንቼ፣ ኮርቻውን ደግሞ ምን ብለሽ ቀባሽው? የተቀመጠበት ሁሉ ሱሪው ነጭ ሊሆን ነው እኮ!»

«ይሁንለታ! በነፃ የሚነዳ ሰው ሱሪውን ይጠብ!»

«አንቺም ከልጆቹ ጋር ገባሽ በይኛ?»

«እኔ ከማንም ጋር አልገባሁም። ከዚያ ሁሉ ሲጋራቸው ጋር ማን ይቀመጣል?» ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረች። «ጉልበቴ አለቀ፣ ባረንድ። እሷም ምድር ቤት ቆማ ትዝጋለች። ያኔ ባሌ ኮር ታሞ ሳለ የዚህን መንገድ በር ሁሉ አንኳኩቼ ብስክሌት የሚያውሰኝ አጣሁ። ላንድ ቀን ብቻ ነበር የጠየቅኩት። አልፈርድም፣ የሌለው ከየት ያመጣል? አሊዳም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከድንቿ ታካፍለኝ ነበር። እና እንዲህ አልኩ፤ ዛሬም የቸገረው ሰው አይጠፋም፣ በር ሳያንኳኳ ይውሰዳት።» ቀና ብላ አየችው። «የናንተዋ ብስክሌት ግን እንዴት እንደተረፈች እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዕድል ነው መቼም።»

«አዎ» አለ ባረንድ። «ዕድል ነው።»

«ሁለተኛውን ልቅለቃ እቀባትና ስትደርቅ ድልድዩ ጋ አቆማታለሁ።»

«ቁልፍ ግዢላት፣ ጎረቤቴ። እንዲሁ አትተያት።»

«ከቆለፍኳት ማን ይነዳታል? አንተ ደግሞ!»

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ፣ ገና መለዮውን ሳያወልቅ፣ በሩ ተንኳኳ። ፌምኬ ናት። ባረንድ እሁድ አለመሆኑን ረስቶ ድንች ሊልጥ ተነሣ።

«ተው አባዬ፣ አልቀመጥም።» መስኮቱ አጠገብ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ቀጣዩ ለቀማ መቼ ነው?»

ባረንድ ቢላዋውን አስቀመጠ። ጆሮውን ተጠራጠረ።

«አንቺ እኮ ነሽ ያን ቀን በጓደኞችሽ ፊት…»

«ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። አስራ ስምንት ብስክሌት ነው የቀረን። እነሱን ከወሰዳችሁ አለቀ፤ ቲሞን ተስፋ ቆርጧል። ያኔ የነገርከው ለአንድ ሰው ነው። አሁን ለሁላችንም ንገረን።»

«ሁላችን» ስትል እነማንን እንደምትቆጥር ባረንድ አልጠየቃትም። እሱ የሚያስበው ሌላ ነበር። ሊል ያልፈለገው ነገር ከአፉ ወጣ።

«ብነግርሽ… እሁድ ትመጫለሽ?»

ወዲያው አፈረ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ አለ በልቡ። ፌምኬ ረጅም ጊዜ አየችው፣ የገበያ ዕቃ እንደሚመዝን ሰው።

«እመጣለሁ» አለች።

«ነገ ጠዋት ነው። ከናንተ ውጭ ለአንድም ሰው ትንፍሽ እንዳትዪ። አለቃችን ጆሮው ረጅም ነው፤ ከኔ እንደወጣ ካወቀ ጡረታዬም ቀረ፣ እኔም ቀረሁ።»

«እሺ።»

ጉንጩን ሳመችው። ባረንድ ጉንጩን እንደያዘ እስከ ደረጃው ሸኛት፣ እላይ ቆሞም ስትወርድ አያት። ታች ሚንቼ በሯን ከፍታ ነበር።

«ፌምኪዬ! የኔ ዓለም! ነይ እስቲ ይህቺን እያት! ደርቃለች፣ ነገ በማለዳ ድልድዩ ጋ አቆማታለሁ። የናንተው ወገን ሆንኩ እኮ!»

ፌምኬ ብስክሌቷን አየች። ነጩን ደወል በጣቷ ነካችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ላይ፣ ወደ አባቷ አየች። ባረንድም አያት። ከሁለት አንዳቸው አንዲት ቃል ቢያወጡ ይበቃ ነበር፤ «ነገን እለፊው አክስቴ፣ አርብ አውጫት» ማለት ምን ይከብዳል? ልጅቱ አባቷ እንዲናገር ጠበቀች። አባትየው ለልጁ «ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ ገና መናገሩ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ወሬ የማትቋጥር፣ ሰፈሩን ሁሉ የምታዳርስ ናት።

«እርስዎ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ አክስት ሚንቼ» አለች ፌምኬ። አቀፈቻት፣ ወጥታ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ከተማዋን አዳረሰ። ሐውልቱ ጋ ነጭ ብስክሌት የለም፣ ባቡር ጣቢያው ጋ የለም፣ ገበያው ጋ የለም። ዋይናንድ እንደ ልማዱ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ሳቁን አቆመ።

«ወፍ ነግራቸዋለች» አለ።

ባረንድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ስማኝ ባረንድ። አለቃ ትናንት ‹የኮልክማን ልጅ ከነሱ ጋር ናት ይባላል፣ እውነት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ያቺን ጓጉንቸርም አልነገርኩትም። ግን ባዶ መኪና ይዘን ከገባን ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ አይደል?»

ወደ ባረንድ ሰፈር ታጠፉ። ድልድዩ ላይ አንዲት ብስክሌት ብቻዋን ቆማለች፤ ደወሏ ሳይቀር ነጭ።

«እሰይ!» አለ ዋይናንድ። «ባዶ እጃችንን አልተመለስንም!»

ባረንድ አፉን ከፈተ። «የጎረቤቴ ናት፣ ተዋት» ሊል ይችል ነበር። ዋይናንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንዴ ስቆ አልፎለታል፣ ሁለተኛም ምናልባት ያልፍለት ነበር። ግን ምናልባት ነው። በዚያ ምናልባት ውስጥ አለቃው አለ፣ ጡረታው አለ፣ ከሁሉም በላይ እሁድ አለ። አፉን ዘጋ። ዋይናንድ እንዳይቀድመው ፈጥኖ ወረደና በገዛ እጁ አነሣት። ቀለሙ ኮርቻው ሥር ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቱ ላይ ቀረ። ያ ሁሉ መኪና አንዲት ብስክሌት ጭኖ ተመለሰ።

ከቀትር በኋላ ቤቱ ሲደርስ ሚንቼ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቀው ነበር።

«ባረንድ! ተወሰደች! ገና ረፋድ ላይ ሄጄ ባይ የለችም! ማን ይሆን ባረንድ? የቸገረው ሰው ነው መቼም፣ በዚያ ማለዳ!» ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በርቶ ነበር። «ኮር ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ባረንድ እጁን ኪሱ ከተተ። «ጎበዝ፣ ሚንቼ» አለ። ወደ ላይ ወጣና ጣቶቹን በቤንዚን እስኪላጡ ድረስ ፈተጋቸው።

እሁድ ፌምኬ መጣች፤ ቃሏን ጠበቀች። ካፖርቷን ሰቀለች፣ ተቀመጠች፣ ድንቹን ከነስጎው አነሣች።

«አስራ ስምንቱም ተረፉ!» አለች። «ቲሞን ሲጨፍር ብታየው! አንድም አልወሰዳችሁም።»

«አንድ ወስደናል» አለ ባረንድ።

ፌምኬ ማንኪያዋ እጇ ላይ ቀረ። የማን እንደሆነች አልጠየቀችም።

«ለምን አልነገርካትም?» አለች።

«አንቺስ?»

«አንተ ነህ ለማንም አትናገሪ ያልከኝ!»

«አዎ። ብዬሻለሁ።»

ይህን እየተባባሉ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። ሚንቼ ያንን ጉልበቷን እየጎተተች፣ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የወተት ገንፎ ይዛ መጣች። ለዚያ ቤት እርቅ የሚሆን ጣፋጭ ራሷ ማብሰሏ ነው።

«አባትና ልጅ አንድ ማዕድ! ይህን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን!» ወንበር ስባ ከፌምኬ አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇንም ያዘቻት። «ነገረሽ አባትሽ? በመጀመሪያው ቀን ወሰዷት! አንቺ ከተማውን ስትዞሪ ነው የምትውዪው፣ አላየሻትም? ደወሏ ነጭ ነው፣ ትታወቃለች።»

ባረንድ አንገቱን ደፋ። አሁን ትናገራለች አለ በልቡ፤ ይቺ ልጅ እንደኔ አይደለችም፣ በሐቅ የምትኖር ናት፣ ትናገርና ሁለታችንንም ከዚህ ታወጣናለች። ተናግራ ዳግመኛ ፊቱን ባታይ እንኳ፣ በዚያች ቅጽበት ይህን ተመኘ።

«አይቻታለሁ» አለች ፌምኬ።

«አትዪኝም!»

«አርብ ዕለት። አንዲት ነርስ ናት የምትነዳት። ወደ ሆስፒታል እየሄደች ነበር፣ በጣም ቸኩላለች።»

«ነርስ!» ሚንቼ አፏን በእጇ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ። «ነርስ! ወደ በሽተኞች! ኮር ይህን በሰማልኝ!»

ፌምኬ እጇን አሻሸችላት። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኗም አልተርገበገበም። ባረንድ ያየው ይህንን ነው። ልጄ ትመለስልኝ ብሎ ነበር፤ ተመለሰችለት፣ ምንም ሳይጎድላት የሱ ልጅ ሆና።

ሚንቼ ነርሷን ለሰፈሩ ልታወራ ተነሥታ፣ ደረጃውን በጉልበቷ እያቃሰተች ወረደች። በሯ ሲዘጋ ተሰማ።

«ምን ልበላት ታዲያ?» አለች ፌምኬ፣ አባቷን ሳታይ። «እውነቱ ምን ያደርግላታል? ብስክሌቷን አይመልስላትም።»

«ኮር የሞተ ጊዜ እናትሽም እንዲሁ ነበር ያለችኝ» አለ ባረንድ።

ገንፎው መሐላቸው ተቀምጧል። ፌምኬ ለአባቷ ጨለፈችለት፣ ለራሷም ጨለፈች።